የመስመር ዳኛውንስ ማን ጠየቀው?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በደብረ ማርቆስ ከተማ የምኖር ጡረተኛ የስፖርት መምህር ነኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል በምሥራቅ ጎጃም ትምህርት ቤቶች አስተምሬያለሁ፤ ከዚያ ዘመን አብዛኛውን ቅዳሜና እሑድ ያሳለፍሁት በትምህርት ቤቶችና በቀበሌዎች ውድድር ላይ ፊሽካ ይዤ ስሮጥ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአንድ ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ላይ ስለተጣለው እገዳ፣ ይልቁንም ቡድኑ ለእገዳው ስለሰጠው መልስ ነው። የኮሌጁን ስም አልጠቅስም። ነገሩን የሚያውቁ ያውቁታል፤ ለማያውቁት ስሙ የሚጨምርላቸው ነገር የለም፤ ልጆቹም ገና በትምህርት ላይ ያሉ ናቸው።

ቡድኑ ባለፈው ወር ባደረገው አንድ ጨዋታ 1 ለ 0 እየተመራ ሳለ፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ያገባት ግብ የመስመር ዳኛው ከጨዋታ ውጪ (ኦፍሳይድ) ነው ብሎ ባንዲራ በማንሣቱ ተሻረችበት። ጨዋታው በዚያው ውጤት አለቀ። ሜዳው ውስጥ ከጩኸትና ከስድብ ያለፈ ነገር አልተፈጸመም። የተፈጸመው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። የመስመር ዳኛው ልብሱን ቀይሮ፣ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ባጃጅ ፍለጋ ከሜዳው በር ሲወጣ፣ ማሊያቸውን እንኳ ያላወለቁ ልጆች ከበው መቱት። ከቅንድቡ በላይ ተሰፋ፤ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ሰውየው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነውና የተሰበረው ጠመኔ የሚይዝበት እጁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚዳኘው ለገንዘብ ነው የሚል ሰው ካለ፣ የመስመር ዳኛ የውሎ አበል ስንት እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው።

ኮሌጁ በሦስተኛው ቀን አምስት ተጫዋቾችን ለአንድ መንፈቀ ዓመት ከማንኛውም ውድድር አገደ። ቡድኑም በማግስቱ በአምበሉ ፊርማ የተዘጋጀ መልስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ።

መልሱን እዚያው ቆሜ አነበብሁት። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ጽሑፉም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚነበብ ነው። ቡድን ቤተሰብ እንደሆነ፣ ዳኛው ግልጽ ስሕተት እንደሠራ፣ ልጆቹ በስሜት ተነሣስተው እንደሆነ፣ ቅጣቱ ከጥፋቱ እንደበዛ፣ ከታገዱት አንዱ በቦታው እንዳልነበረና ቃሉን ሳይሰጥ እንደተቀጣ፣ አምስቱ ካልተመለሱ ቡድኑ ለቀጣዩ ጨዋታ እንደማይሰለፍ፣ ከተሰለፈም አምስቱን ይዞ እንደሚሰለፍ ይዘረዝራል። ደግሜ አነበብሁት። የተመታው ሰው በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም «የተሳሳተው ዳኛ» ተብሎ።

በመጀመሪያ ስለ ስሕተቱ ልናገር። ባንዲራው ትክክል ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ስሕተት ሊሆን ይችላል። የመስመር ዳኛ ኳሷ የተመታችበትን ቅጽበትና ሠላሳ ሜትር ርቆ የሚሮጠውን አጥቂ በአንድ ዓይን እንዲያይ የሚጠየቅ ሰው ነው፤ ይህን ሞክሮ የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። እኔ ራሴ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የትምህርት ቤቶች ጨዋታ ላይ ኳስ የተከላካዩን ትከሻ ነክታ ሳለ እጅ ነው ብዬ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቻለሁ። የተቀጣው ቡድን አምበል፣ ረጅም ቀጭን ልጅ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣና «ጋሼ፣ ትከሻው ነው» አለኝ። ቢጫ ካርድ አሳየሁት። በዚያች ምት ተሸነፉ። ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ልጁ እውነቱን እንደሆነ ገባኝ፤ እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ የሚገባው ጫማ ሲወልቅ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ በአውቶቡስ መናኸሪያ አገኘኝና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ያቺ ፔናልቲ ትከሻ ነበረች» አለኝ። «አውቃለሁ» አልሁት። ቡና ጋበዘኝ። እንግዲህ በእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 5 መሠረት ዳኛው በጨዋታ ላይ በተፈጠረ ነገር የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ሲባል፣ ዳኛ አይሳሳትም ማለት እንዳልሆነ ያ ልጅ ያን ጊዜ ገብቶት ነበር። ስሕተት የደረሰበት ሰው የሚለውን ብሏል፣ ሕጉን ተቀብሏል፣ ቂሙን ደግሞ ቡና ላይ ጨርሶታል።

ስሜትን በተመለከተ፣ ስሜት የሚባለው ባንዲራው በተነሣበት ደቂቃ የሚመጣው ነው። ለእሱ ቢጫም ቀይም ካርድ አለው፤ ዳኛውም ይህን ስለሚያውቅ ለጩኸቱ ጀርባውን ይሰጣል። ግማሽ ሰዓት ጠብቆ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ሰውየው ብቻውን እስኪወጣ ማድፈጥ ግን ቀጠሮ ይባላል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሰማኋቸው ማስተባበያዎች ያስገረመኝ የአንድ የቡድኑ ደጋፊ አባባል ነው። እንደ እኔ ፀጉራቸው የሸበተ ናቸው፤ «ምን ታካብደዋለህ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሎ የለም?» አሉኝ። ሁለታችንም በልጅነታችን ታኅሣሥ 29 ቀን ሜዳ ወጥተን ሩር፣ የገናን ኳስ፣ ያሳደድን ነንና በዚህ ተረት ላይ እርስ በርሳችን መሸዋወድ አንችልም። የገና ጨዋታ ዱላ የተያዘበት ጨዋታ ነው፤ ቅልጥም ይመታል፣ ጥርስ ይሰበራል፣ ጌታና ሎሌ ይጋፋሉ፤ በዚያ ቀን ሎሌው ጌታውን ቢመታ ጌታው እንዳይቆጣ ነው ተረቱ የሚለው። ማለትም የሚያዝዘው የተመታውን ነው፤ ቻል፣ ጨዋታ ነው፣ ቂም አትያዝ ይላል። የኮሌጁ ልጆች ግን ዱላ አላረፈባቸውም። ያረፈባቸው ከፍ ያለች አንዲት ባንዲራ ናት፤ እሷን መቻል አቃታቸው። ከጨዋታው በኋላ አድፍጦ መማታትን ደግሞ የገና ጨዋታም ቢሆን አያውቀውም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ገናው ይጣላል፣ የተፈነከተውም የፈነከተውም አብረው ጠላ ይጠጣሉ።

«ቅጣቱ በዛ» ለሚለው ብዙ አልቆይበትም። የፊፋ የዲሲፕሊን ደንብ ተቃራኒ ተጫዋችን ለመታ ቢያንስ 3 ጨዋታ፣ የጨዋታ ዳኛን ለመታ ግን ቢያንስ 15 ጨዋታ ወይም ተመጣጣኝ ጊዜ ይቀጣል። የኮሌጅ ቡድን በአንድ መንፈቀ ዓመት 15 ጨዋታ ካደረገ ታምር ነው። «አንሰለፍም» የሚለውም ቢሆን በችግር የመጣ አይደለም፤ ቡድኑ ሃያ ሁለት ተጫዋች አስመዝግቧልና አምስቱ ሲቀነሱ ዐሥራ ሰባት ይቀራሉ፤ ሕጉ ደግሞ 7 ተጫዋች ይዞ ሜዳ ለገባ ቡድን ጨዋታውን አይከለክልም።

«ቡድን ቤተሰብ ነው» የሚለው ግን ሰፊ ነገር ነው፤ አብዛኛው ተማሪም ልቡ የተነካው በእሱ ይመስለኛል። በከተማችን የማንቼ፣ የማንቸስተር ዩናይትድ፣ ደጋፊ ያልሆነ ወጣት ጥቂት ነውና የሚያውቁትን ምሳሌ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 25 ቀን 1995 የክለቡ አጥቂ ኤሪክ ካንቶና ከክሪስታል ፓላስ ጋር በተደረገ ጨዋታ በቀይ ካርድ ወጥቶ ወደ መልበሻ ክፍል ሲሄድ አንድ የተሳደበውን ተመልካች በእርግጫ መታ። ያኔ ቅጣቱን ቀድሞ የጣለው የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር አልነበረም፤ የገዛ ክለቡ ነው። ክለቡ እስከ ውድድር ዘመኑ ማብቂያ አገደው፤ ማኅበሩ ከዚያ በኋላ እገዳውን እስከ ሴፕቴምበር ማብቂያ አራዘመው። ፍርድ ቤትም ቀርቦ በመጨረሻ የ120 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተወሰነበት፤ ሕፃናትን ኳስ እያሠለጠነ ጨረሰው። ክለቡ በዚያ ዓመት ዋንጫውን በአንድ ነጥብ ልዩነት ለብላክበርን አስረከበ። ዋናው አጥቂው ቢኖር ኖሮ ያቺ ነጥብ አትጠፋም ነበር የሚል ደጋፊ ዛሬም አይጠፋም። ነገር ግን ካንቶና በኦክቶበር 1 ቀን ሲመለስ ቦታው ይጠብቀው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ክለቡ የሊጉንም የኤፍ ኤ ካፕንም ዋንጫ ሲወስድ የፍጻሜዋን ብቸኛ ግብ ያገባው እሱ ነው። ቤተሰብነት ይህ ይመስለኛል፤ ጥፋተኛውን ራሱ ይቀጣዋል፣ ጉዳቱን አብሮ ይሸከማል፣ ወንበሩን ግን አይነሣውም። የእኛ ልጆች ከሦስቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትተው ሦስተኛውን ብቻ ነው የያዙት።

«ከተሰለፍንም አምስቱን ይዘን ነው» ለሚለው ደግሞ ከቤታችን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ሲያሸንፉ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ቅጣት ላይ የነበረ ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። ያ ስሕተት ነበር እንጂ እምቢተኝነት አልነበረም፤ ሆኖም በሳምንቱ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ አሸንፈን በጎዳና ስንጨፍር ሳለ ፊፋ ጉዳዩን መመርመር ጀመረ፤ ውጤቱ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ተለወጠ፣ 3 ነጥብም ሄደ። ያን ቀን የደብረ ማርቆስ ሻይ ቤቶች እንዴት ዝም እንዳሉ የማስታውስ ሰው ነኝ። በስሕተት ያን ያህል ከተከፈለ፣ አውቆና ጽፎ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፎ የታገደ ተጫዋች ለሚያሰልፍ ቡድን ማን ይራራለታል?

አሁን ከመልሱ ውስጥ እውነት ወደሆነው ብቸኛ ነገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ኮሌጁንም እወቅሳለሁ። ከአምስቱ አንዱ በቦታው እንዳልነበረ ይናገራል፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴውም አምስቱን በጅምላ ጠርቶ፣ በጅምላ ጠይቆ፣ በጅምላ አግዷል። ይህ ትክክል አይደለም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ድንጋጌው የተጻፈው ለወንጀል ክስ መሆኑን አውቃለሁ፣ ይሁን እንጂ የኮሌጅ ኮሚቴም ቢሆን ተማሪን ለየብቻ አስቀምጦ ቃሉን ሳይቀበል፣ ምስክር ካለው ሳይሰማ መንፈቀ ዓመቱን ሊወስድበት አይገባም። ሦስት ቀን ለችኮላ በቂ ነው፤ ለማጣራት ግን አይበቃም። ኮሚቴው የዚያን ልጅ ጉዳይ እንደገና እንዲያይ በዚህ አጋጣሚ እጠይቃለሁ።

ሆኖም ልጁ እንዴት ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ገባ? የመስመር ዳኛው ደም ዓይኑን ሸፍኖት ሁለት ሰው ብቻ ነው የለየው። ሌሎቹን የጠቆሙት ከሩቅ ያዩ የበር ጠባቂዎች ናቸው፤ ጠባቂዎቹ ያዩት ደግሞ ማሊያ ነው። የመታውን በስሙ የሚያውቁት የቡድኑ ልጆች ናቸው። ኮሚቴው ጠይቋቸው አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም። እንግዲህ ያን ልጅ ዛሬ ያሰረው የኮሚቴው ችኮላ ግማሽ ያህሉ ነው፤ ሌላው ግማሽ የጓደኞቹ ዝምታ ነው። «ወንድማችን ሳያጠፋ ተቀጣ» ብለው ይፈርማሉ፤ ያጠፋው ማን እንደሆነ ግን አይናገሩም። በንጹሑ ስም ይጮኻሉ፣ ንጹሑን ግን ለጥፋተኛው መደበቂያ አድርገውታል።

አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው ዝምታ አውጫጭኝ የሚባል መፍትሔ ነበራቸው። ከብት ሲጠፋ፣ ጎተራ ሲቃጠል፣ ያደረገው ሰው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሬው ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። እርሻ ይጠብቃል፣ አረም ይበቅላል፤ ቢሆንም ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ የቀረ ይቀጣል። ካልወጣም ካሳውን አገሬው ተካፍሎ ይከፍላል። ይህ ሥርዓት የራሱ ግፍ እንደነበረበት አልክድም፤ ድሃ በሐሰት ተጠቁሞበታል፣ ገበሬ የእርሻ ወቅቱን አጥቶበታል። ነገር ግን አንድ የማይናወጥ እውቀት በውስጡ ነበር፦ በመንደሩ መካከል የተፈጸመን ነገር መንደሩ ያውቀዋል፤ አውቆ ዝም ካለም ባለዕዳ ነው። ዐሥራ ሰባቱ ልጆች ዛሬ ከዚህ ዕዳ አልወጡም። የእኔ አሳብ ልምምዳቸውን አንድ ቀን ትተው፣ አሠልጣኛቸውም ኮሚቴውም በሌለበት፣ አምስቱን ጨምረው ሜዳው ላይ እንዲቀመጡ ነው። ሳይመሽ የመቱት ራሳቸው ተነሥተው ይናገራሉ ብዬ አምናለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ከዚህ ዕድሜ ልጆች ጋር የዋልሁ ነኝና ብዙዎቹ የሚከብዳቸው መናገሩ ሳይሆን የመጀመሪያው መሆን እንደሆነ አውቃለሁ። እነሱ ሲወጡ ያልመታው ያለ ማንም ልመና ይመለሳል።

ስለ እገዳው አፈጻጸም አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር። የታገደ ተጫዋች ከውድድር ይታገድ እንጂ ከልምምድ መታገድ የለበትም። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ታኬታውን ያሰረ ልጅ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ያላሰረው የት እንዳለ አይታወቅም። ኮሌጁ ከፈቀደ ደግሞ የታገዱት ቅዳሜ ቅዳሜ በሕፃናት ጨዋታ ላይ ባንዲራ ይዘው በመስመሩ ዳር ይሩጡ። አንድ ቅዳሜ ይበቃቸዋል፤ የአሥር ዓመት ልጆች እናቶች መስመር ዳኛን ምን ብለው እንደሚሰድቡ ይሰማሉ።

ክቡር አዘጋጅ፣ በአገራችን ቋንቋ «መጠየቅ» ለሁለት ነገር ይሆናል። መርማሪ ይጠይቃል፤ ወዳጅም የታመመ ወዳጁን ይጠይቃል። የቅኔ አገር ሰዎች ነንና ሰሙንና ወርቁን መለየት አያቅተንም። ኮሚቴው የመስመር ዳኛውን አንድ ጊዜ ጠይቆታል፤ ማን መታህ ብሎ። ቡድኑ በየትኛውም ትርጉም አልጠየቀውም። እኔ ባለፈው እሑድ ሄጄ አየሁት። እጁ በጀሶ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የተማሪዎቹን ደብተር ሚስቱ ገጽ እየገለጠችለት በግራ እጁ ሲያርም ነው ያገኘሁት፤ የቀይ እስክሪብቶው ምልክት እንደ ሕፃን ጽሑፍ ይንጋደዳል። ስለ ልጆቹ ክፉ ቃል አልተናገረም። ስለ ባንዲራው ሳነሣበት ግን ቀና ብሎ «ጋሼ፣ እውነት ኦፍሳይድ አልነበረም እንዴ?» አለኝ። የሚያሳስበው እስካሁን ያ ነው።

አምበሉ ይህን ጋዜጣ ካነበበ፣ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እጠብቀዋለሁ። ብቻውን ቢመጣም፣ ዐሥራ ስድስቱን አስከትሎ ቢመጣም፣ አምስቱንም ቢያመጣ ደስ ይለኛል። የመምህሩ ቤት ከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ መንገዱን እኔ አሳያቸዋለሁ። ብርቱካን ወይም ሙዝ ቢይዙ ጥሩ ነው፤ ካልያዙም ባዶ እጃቸውን ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የስፖርት መምህር
ደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም